ኩላሊትስ?

ጥር 8

እታለምዬ፣

ሰላምታዬ አንቺ እንደምትወጂው ረጅም ስለሆነ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እንዴት ነሽ? ዐይንሽስ? የቀረችው ጆሮሽስ? ጉልበትሽስ? የስፌት መኪናሽስ፣ ያ ፔዳሉ የሚንቋቋው? ጎረቤትሽ ተኳሹስ? (በነገራችን ላይ «ልብስ ተኳሹ» ብለሽ ጻፊ። ባለፈው ወረቀትሽን ሳነብላት ጓደኛዬ ደንግጣ «አክስትሽ ጎን ያለው ሰውዬ ማንን ነው የሚተኩሰው?» አለችኝ።) እና ደግሞ፣ ኩላሊትሽስ? ይህችን ለምን እንደጨመርኳት ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

ሐኪምም ነርስም ሳልሆን ሐኪሞቹን ተከትዬ ከአልጋ አልጋ መዞሬ ገርሞሻል። ፋርማሲስት ሁሉ ከመስኮት ጀርባ ቆሞ ክኒን የሚቆጥር ቢመስልሽ አልፈርድብሽም። የኔ ሥራ የሚጀምረው ግን መድኃኒቱ ከመስኮቱ ከወጣ በኋላ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ለበሽታው ልክ ነው እንበል፤ ለሰውየውስ ልኩ ነው ወይ? ቀኑን ሙሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አንቺ ጨርቁ ጥሩ ነው ብለሽ ብቻ መቀስ አታነሺም፣ መጀመሪያ ትለኪያለሽ። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፣ ከሜትርሽ የት እርቃለሁ?

አሁን ስለ ኩላሊት ላውራሽ፤ አብዳለች እንዳትዪኝ ብቻ። ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከተጨበጠ እጅሽ አይበልጡም። ጀርባችን ውስጥ ተደብቀው፣ ማንም ሳያመሰግናቸው፣ ያለንን ደም በሙሉ ቀን ከሌት ደጋግመው ያጠሩታል። የሚቀረውን አስቀርተው የሚሄደውን ይሸኛሉ። የምንወስደውን መድኃኒትም አብዛኛውን የሚሸኙት እነሱ ናቸው። ታዲያ ደክሟቸው ቁጭ ቢሉ አይጮኹም፣ ብዙ ጊዜም አያሙም። መድኃኒቱ ግን መውጫ አጥቶ በላይ በላዩ ይጠራቀማል። ስንት ዓመት ተምሬው፣ ስንት ዓመት ሠርቼበት፣ አሁንም ሳስበው አፌን ይዤ እቀራለሁ። ይህን የመሰለ ነገር ተሸክመን ነው ታክሲ ውስጥ የምንጋፋው።

ባለፈው ወር አንድ የሒሳብ መምህር ሳንባቸውን ታመው እኛ ጋ ተኝተው ነበር። አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው፤ ምርጫው ትክክል ነበር፣ መጠኑም ለመጀመሪያው ቀን ትክክል ነበር። በመሀል ኩላሊታቸው ደከመ፤ መጠኑን የቀየረ ሰው የለም። መምህሩ ሚስታቸውን «እርስዎ ማን ነዎት?» ይሏቸው ጀመር። ሴትዮዋን ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። አብደውባቸው አልነበረም፤ ያልወጣው መድኃኒት ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ ነው። ያንን አቁመን ሌላ በልካቸው ሰጠናቸው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሚስታቸውን ትክ ብለው አይተው «ምነው ከሳሽ?» አሏቸው።

ሰላምታሽ ሥራ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሻይ ስንጠጣ ስላንቺ አወራኋቸው፤ ሰው መንገድ ላይ ስታገኚ ከባል እስከ ልጅ፣ ከልጅ እስከ ዶሮ ሳትጠይቂ እንደማትለቂው፣ እኔ ቦርሳዬን ይዤ ፀሐይ ላይ እንደምቀቀል። ዋና ነርሳችን (ሻለቃ ነው የምንላት፣ አረማመዷን ብታዪ ይገባሻል) «አክስትሽ ኩላሊቱን ሳትጠይቅ እንዴት አለፈችው?» አለች። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆማ «እንዴት አደርሽ? ቤተሰብስ? ኩላሊትስ?» አለችኝ። ቀልድ ነበር። አሁን ግን በክፍላችን ደንብ ሆኗል፤ የሚንጠባጠበውን የቀኑን አንቲባዮቲክ የምትሰቅል ነርስ ሁሉ «ኩላሊትስ?» ሳትል አትሰቅልም፣ መልሱም «ደህና» አይደለም፣ የዕለቱ የደም ውጤት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እና ንገሪኝ፦ ያንቺስ?

ሚጢጢሽ


ጥር 19

ለሚጢጢዬ፣ ለልቤ ልጅ፣

ረጅም ያልሽው ሰላምታ አጭር ነው። የበሩን ጠባቂ አልጠየቅሽም፣ ድመቷን አልጠየቅሽም። ለማንኛውም ዐይኔ ደህና፣ ጉልበቴ እንደ አየሩ፣ መኪናዬን ልብስ ተኳሹ (ይኸው «ልብስ» ብያለሁ) ዘይት አጠጥቶልኝ ለስልሷል። አንቺስ እንዴት ነሽ? ይበላሻል? ይተኛሻል? ጓደኛሽስ? ሻለቃዋስ ልጆች አሏት? መምህሩስ ሒሳባቸው ተመለሰላቸው? ሚስታቸውን በኔ ስም አይዞሽ በያቸው።

ስለ ኩላሊቴ ምን ልበልሽ፣ አይቼው አላውቅ። ልብና ኩላሊት የሚመረምር ፈጣሪ ብቻ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ጆሮ ሳለኝ። አሁን የኔዋ ልጅ ሥራውን ልትሻማው ነው። እኔስ እዚህ ቁጭ ብዬ ስታስደንቂኝ ዋልሽ፤ ወረቀትሽን አጥፌ ጀርባዬን ዳበስኩት፣ እንግዳ ያለበት ይመስል።

ግን ደውለሽ ተኳሹን ስለ እግሬ ማስጨነቅሽ ምንድን ነው? አፉን አይዘጋም፣ የሞቀ ካውያ እጁ ላይ ሆኖ እንኳ ያወራል። እግሬ ምንም አልሆነ። መቀስ አምልጦኝ ወርዶበት ነው። ትንሽ ቀልቷል፣ ትንሽ ይሞቃል፤ ቅባት ቀብቼ ጨርቅ አስሬበታለሁ። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ ሐኪም ቤት እንዳትዪኝ።

ምክንያቴን ታውቂዋለሽ። መርፌ ዕድሜ ልኬን ሲያበላኝ ኖሮ፣ መርፌ ጆሮዬን በላኝ። ያኔ ጎኔን ታምሜ ተኝቼ በየቀኑ ሲወጉኝ ከረሙ፤ በሽታው ለቀቀኝ። ቤቴ ገብቼ መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ድምፁ የለም። ተበላሸ ብዬ ተኳሹን ጠራሁት። እየሠራ ነው እኮ አለኝ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ነው ያየሁት። ከግራዋ ትንሽ ቀርታኛለች። በሷ ዝናብ እሰማለሁ፣ ሰው ተጠግቶ ቢያወራ እሰማለሁ፣ እሱ ሲስቅ እሰማለሁ። ይቺን ለማንም መርፌ አልሰጥም፣ እግሬ ቢቆረጥም አልሰጥም። ይህን ስልሽ በቀልድ አይደለም።

በቀደሙት ወረቀቶችሽ ዕድሜሽን አረጋግጪልኝ ያልሽውን ደግሞ አላየሁትም ብዬ አልፌው ነበር፤ ግን ደጋግመሻል። ሃምሳ ስምንት ነኝ። ተኳሹም ያውቃል። እሱ ስልሳ አራት ነው፤ እንደ ታናሹ ነው የሚያየኝ፣ ዕቃ ሲከብደኝ ይቀበለኛል፣ ዝናብ ሲመጣ ልብሴን ያነሣልኛል። ማን ይጠላል?

እታለም


ጥር 25

እታለም፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅር በይኝ። እግርሽስ? ኩላሊትሽስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። የቀላና የሞቀ እግር በቅባት አይድንም። ተኳሹ ቅላቱ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን ነግሮኛል፤ እሱን አትቆጪው፣ እኔ ነኝ የጨመቅሁት። ትኩሳት ከመጣ አንድ ቀን እንዳታድሪ። በሞቴ።

ጆሮሽን መርፌው አልበላውም እታለም፤ ልኩን ማለፉ ነው የበላው። ያ መድኃኒት ሕይወትሽን አትርፏል። ግን ኩላሊትሽ ያኔ ደክሞ ነበር፣ ሊሸኘው አልቻለም፣ ማንም ደግሞ «ኩላሊትስ?» አላለም። ከሐኪም ቤት ከተመለስሽ በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ስጠራሽ፣ ደግሜ ስጠራሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ መስፋትሽን ቀጠልሽ። ያኔ ነው ይህን ሙያ የመረጥኩት፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም፣ እንድታዝኚ ስላልፈለግሁ።

ስለዚህ ፍርሃትሽን አልንቅም። የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ ተለክቶ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ጆሮ የማይነካም አለ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ይሰጣል፣ በሽታው ፋታ እንዳያገኝ። ኩላሊት የሚጠየቀው ለሚቀጥለው ነው፤ ከዚያ ደግሞ በየቀኑ። ለምን በየቀኑ ብትዪኝ፣ እንደ ሰላምታ ስለሆነ። ትናንት ደህና ነኝ ያለሽ ሰው ዛሬም ደህና ነው ብለሽ ዝም ብለሽው ታልፊያለሽ? እኛ ጋ አንዲት ወይዘሮ ኩላሊታቸው ሲደክም መጠኑ ተቀነሰላቸው፣ ጥሩ ተደረገ። ኩላሊታቸው ግን ተነሣ፤ እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ። መጠኑ በትንሹ ቀረ። መድኃኒቱ ገና ሥራ ሳይጀምር እየተሸኘ ይወጣ ነበር፤ በሽታው ሊረታቸው ሲል ለጥቂት ደረስን። ማብዛቱ ብቻ አይደለም ስሕተቱ፤ ማሳነሱም ይገድላል። በመሀላቸው ያለው መንገድ ጠባብ ነው፣ እሱም ከቀን ቀን ቦታውን ይቀይራል። ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል።

አሁን ወደማትወጂው ልምጣ። የደም ምርመራው አንድ ቁጥር ይሰጠናል። ያ ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ጡንቻው የፈረጠመ ጎረምሳ ሸክም ተሸካሚና አንዲት ቀጭን አሮጊት ያው ቁጥር ሊወጣላቸው ይችላል፤ የሱ ኩላሊት ይሮጣል፣ የሷ በምርኩዝ ይሄዳል። ልዩነቱን የምናውቀው ዕድሜና ክብደት ገብቶበት ሲሰላ ነው። አንቺ ደንበኞችሽ የወገባቸውን ቁጥር ሲነግሩሽ ትሰሚያቸዋለሽ? «ሰው ስለ ወገቡ ይዋሻል፣ ሜትር አይዋሽም» ብለሽ ክንዳቸውን ታስነሺያቸዋለሽ። እና ለነሱ የከለከልሽውን አንቺ ልታደርጊው ነው?

እናቴ በሕይወት ብትኖር ዘንድሮ ስልሳ ስምንት ይሆናት ነበር። አንቺ ደግሞ አዝለሻት እንዳደግሽ ትነግሪኛለሽ። ታናሽ ታላቋን አዝላ የሄደችው በየት አገር ነው? ለተኳሹ ሃምሳ ስምንት ሁኚለት፣ ከፈለግሽ ሃምሳም ሁኚለት። ለሐኪም ግን እውነቱን ንገሪ። አደራ።

ሚጢጢሽ


የካቲት 2

ሚጢጢዬ፣

አትደንግጪ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው አልጋ ላይ ስለሆንኩ ነው። ወረቀቱን ተኳሹ ሸሚዝ የሚተኩስለት የአውቶቡስ ሹፌር ያደርስልሻል፤ ሸሚዙ ንጹሕ ስለሆነ ወረቀቴም ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል።

አደራሽን ቆርጥሜ በላሁ። አንድ ቀን አድሬ፣ ሁለተኛውንም ልጨምር ስል መኪናዬ ላይ ተደፋሁ። የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ነበር የምሰፋው፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ተኳሹ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባኝ አሉ። እኔ አላስታውስም።

ጆሮዬን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የተናገርኩት እሱን ነው፣ ደጋግሜ ወደ ጆሮዬ ጠቆምኩ፤ ግን በትኩሳት እየቃዠሁ ስለነበር ለምን እንደምጠቁም የገባቸው አይመስለኝም። አልሰማ ስላለኝ ያዘኑልኝ ይመስለኛል። ሌላውን ሁሉ ሐኪሟ ስትጠይቅ የመለሰው ተኳሹ ነው። ሲሻለኝ ከአልጋዬ ግርጌ ያለውን ወረቀት አነበብኩት፤ «ዕድሜ 58» ይላል። ሰውዬው አልዋሸም። የነገርኩትን ነው የነገረልኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ሰው ተሸክሞልኝ እንዴት ይቅለል?

ልናገር ነበር። በእናትሽ አጥንት ልናገር ነበር። ግን እሱ አጠገቤ ቆሟል፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገትጌው ቀጥ ብሎ። አፌ ተያዘ። ስለ ኩላሊቴ ሐኪሟ ስታወራ ከንፈሯን ተከተልኩ፤ «ለዕድሜያቸው ያን ያህል አይከፋም» ያለች መሰለኝ። ስለዚህ ተረጋጊ።

የሚንጠባጠብልኝን መድኃኒት ስም ከተሰቀለው ላይ ገልብጬ ከጀርባ ጽፌልሻለሁ፣ መቼም ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። እግሬ ትንሽ ረጋ ብሏል። አንድ የምሥራች ደግሞ አለኝ፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ መኪና ይሰፋል። ትርርር ይላል፣ ልክ እንደ ድሮዋ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ ይኸው ባዳዬ ሊመለስ ነው መሰለኝ። ድምፅ ከጠፋበት ቤት ድምፅ መምጣቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ አይደለም?

እታለም


የካቲት 4

እታለም፣ እናቴ፣

ወረቀትሽን ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የመድኃኒቱን ስም አየሁ፤ ያው የድሮው ዘር ነው። ስለሚሰፋው መኪና ያልሽውን ሳነብ ሻለቃዋ ክንዴን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

መጀመሪያ ይቅርታሽን ልለምን። ዕድሜሽን ለማላውቀው ሰው በስልክ ተናገርኩ።

ወደ ተኛሽበት ክፍል ደውዬ ፋርማሲስታችሁን ጠየቅሁ። ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ስሜንም ሳልነግረው «እግራቸውን የታመሙት፣ መስማት የተሳናቸው እናት፣ ኩላሊትስ?» አልኩት። የተሳሳተ ቁጥር የደወልኩ መስሎት ነበር። ከዚያ ረጋ ብዬ ነገርኩት፦ ሃምሳ ስምንት አይደሉም፣ እናቴ እንደነገረችኝ ሰባ ሦስት ናቸው፤ እህታቸውን አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ ስንት ኪሎ ሆነው ነው? ቀኝ ጆሯቸውን የዚህ መድኃኒት ወንድም ነው የወሰደው፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ግራው ይጮህባቸዋል። እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማሁ፤ አንቺ ጨርቅ ላይ በኖራ ስታሰምሪ የሚመስል ድምፅ። «እንደገና ላስላው» አለ። አስልቶ ሲጨርስ ድምፁ ተለወጠ። «በዝቷል» አለኝ፣ «አሁኑኑ ሐኪሟ ጋ እሄዳለሁ።» ስልኩን ሳይዘጋው ነው የሮጠው። ባዶ ክፍል እያዳመጥኩ ብዙ ቆየሁ።

በኋላ ደወለልኝ። ያንን አቁመውታል፣ ደምሽ ውስጥ የቀረውን ለክተዋል፣ ጆሮ በማይነካ ሌላ ተክተዋል፤ እሱንም በልክሽ። ሐኪሟ ጎበዝ ናት። የተሰጣትን ዕድሜ ይዛ በትክክል ነው ያዘዘችው፤ በተሳሳተ ልክ የተቆረጠ ልብስ የሰፊው ጥፋት አይደለም። ተኳሹም ጥፋት የለበትም። አንቺንም አልወቅስሽም። አፍሽ የተያዘበትን ምክንያት አነበብኩት፤ አስቆኝ፣ ከዚያ አስለቀሰኝ።

አልዋሽሽም። በጆሮሽ የሚሰፋው መኪና የምሥራች አይደለም። ማስጠንቀቂያ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ስለቆመ ሊቀንስ ይችላል፤ የቀረችውን ጆሮ አድነናት እንደሆነ ግን ገና አላውቅም። ማንም አያውቅም። ልመጣ ሻንጣ ይዤ ነበር፤ የምትተካኝ ልጅ ወልዳ ተኝታለች፣ እዚህም በየአልጋው ያንቺው ዓይነት አሉ። ተተኪ እንዳገኘሁ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሥራዬን እወደዋለሁ እያልኩ ስጽፍልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ፈራሁትም፣ ሰገድኩለትም። ሰው መሀል ተደብቃ የኖረች አንዲት ቁጥር፣ ለጨዋታ የተቀነሰች፣ ዝናብ የምትሰሚበትን ጆሮ ልትወስድ ነበር። ያው ቁጥር እውነቱ ሲነገር ደግሞ አንድ የማላውቀውን ሰው በኮሪደር አስሮጠ። ሰላምታሽን ነግሬዋለሁ። ሳቀ፣ ከዚያ «እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ።

እታለም፣ በናትሽ ጻፊልኝ። ብትቆጪም ጻፊልኝ።

ሚጢጢሽ


የካቲት 17

ለወሬኛዋ ልጄ፣

ዕድሜዬን ለአገር የነዛሽ፣ ምላስሽ ይባረክ። እንዴት ነሽ? እንቅልፍሽስ? ሻለቃዋስ? ያቺ የወለደችውስ፣ ወንድ ነው ሴት? መምህሩስ? ዝም ያልኩሽ ልቀጣሽ ፈልጌ አይደለም፤ የምጽፍልሽን ሳላውቅ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን አውቄያለሁ።

ያ የደወልሽለት ፋርማሲስት ያኔውኑ መጣ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና በትልቁ ጻፈልኝ፦ «እናቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ካንቺ ሰምቷል፤ ግን ከባለቤቷ ልስማ ብሎ ነው። እርሳሱን ሰጠኝ። ተኳሹ ከግርጌ ቆሞ ነጠላዬን ያጥፋል። ጽፌ ለሰውየው ብሰጠው ተኳሹ ባላየ ነበር። ግራ ጆሮዬን ነካሁት፣ መኪናው ይሰፋል። ይህን ያህል ዘመን የደበቅሁትን በእርሳስ ጫፍ አላወጣም ብዬ በአፌ ተናገርኩ። ደንቆሮ ደግሞ ድምፁን አይለካም አይደል፤ «ሰባ አምስት!» ስል ክፍሉ ሙሉ ዞረ፣ ወለል የምትጠርገው ሴት ሳትቀር።

አዎ፣ ሰባ አምስት። አንቺም ተሳስተሻል። እናትሽንም በሁለት ዓመት ሸውጃት ነበር። ሰውየው እንደገና አሰላ፤ «ለሁለት ዓመት ልኩ አይቀየርም፣ ግን እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈልኝ።

ተኳሹ ነጠላውን አስቀምጦ ወጣ። ሄደ፣ በቃ አልኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። በማግስቱ ሜትሬን፣ መቀሴንና የተተኮሰ የሌሊት ልብሴን ይዞ መጣ። ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈና አቀበለኝ፦ «ከእንግዲህ እትዬ ልበልሽ፣ ወይስ እንደ ድሮው?» እንደ ድሮው አልኩት። ሲስቅ ትከሻው ተነቀነቀ። ሳቁን ለመስማት ጠበቅሁ፣ የሰማሁት መኪናውን ብቻ ነው። ያን ቀን ነው የከፋኝ ሚጢጢዬ፣ ከዕድሜው ይልቅ።

ፋርማሲስቱ በየጠዋቱ ይመጣል። የጋዋኑ እጅጌ ረዝሞ ጣቱን ይውጠዋል፤ አላስችል ብሎኝ ክንዱን አስዘርግቼ ለካሁት፣ አጥብቤም ዘመዘምኩለት። እሱ የኔን ልክ ካወቀ እኔም የሱን ልወቅ። ታዲያ አንድ ጠዋት እየሳቀ መጣና በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጻፈልኝ፦ «ተነሡ!» ማን ናቸው የተነሡት ብዬ ደነገጥኩ። ኩላሊቶቼ ናቸው። የቀነሰውን መድኃኒት ያን ዕለት ጨመረው። ቀንሰህ ትጨምራለህ እንዴ ብዬ ልቆጣው ስል ያቺ የነገርሽኝ ወይዘሮ ትዝ አለችኝና አፌን ዘጋሁ። ሲጠቡ ማጥበብ፣ ሲሰፉ ማስፋት ነው። ሙያው ይገባኛል።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩን አሰብኩት። እኔ የታመምኩት እግሬን ነው። እነሱ ከጀርባዬ ወድቀው ነበር፣ እኔ አላወቅሁም። ተነሡ፣ ያንንም አላወቅሁም። ሰባ አምስት ዓመት አብረውኝ ኖረው አንድ ቀን «እንዴት አደራችሁ» ብያቸው አላውቅም፣ የሰፈሩን ድመት ሳልጠይቅ የማልውል ሴትዮ። እጄን ወደ ኋላ አዙሬ ነካኋቸውና «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ጎኔ ያለችው ታማሚ ሲያመኝ መስሏት ነርስ ጠራችልኝ።

ከዚያ መኪናው መስፋቱን አቆመ። ቀስ በቀስ ነበር፣ ክር እንዳለቀበት። ተደሰትኩ እንዳልልሽ፣ ፈራሁ። ጫጫታው ሲሄድ ጆሮዬን ይዞት ሄዶ እንደሆነስ? ሰዎች ሲያወሩ አያቸዋለሁ፤ ከንፈራቸውን ስለማነብ የሰማሁት ይሁን ያየሁት መለየት አቃተኝ። ዝናብ የለም። ተኳሹም ሰሞኑን ሥራ በዝቶበት አልመጣም። ማንንም አልጠየቅሁም፤ መልሱን ስለፈራሁት።

ዛሬ ጠዋት ዐይኔን ጨፍኜ ተኝቻለሁ። መጋረጃው ተዘግቷል። የማንም ከንፈር የለም፣ የማንም ፊት የለም። በግራዬ በኩል፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ጎኔ ላለችው ታማሚ መድኃኒት ሊሰቅሉ የመጡ ሁለት ነርሶች ናቸው።

«እንዴት አደርሽ?» አለች አንዷ።

«እግዜር ይመስገን።»

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

የብረት ትሪ ኳ አለ። ከዚያ የመጀመሪያዋ፣ ወደኔ በኩል ቀርባ፣

«ኩላሊትስ?» አለች።

ሰማኋት፣ ልጄ።

ያንቺው፣ የሰባ አምስት ዓመቷ እታለም